አንዲት «ች»

«ጓደኛህ ተመርምራለች?» አልኩት።

«የለችም፣ ሲስተር።»

«ጓደኛ የለህም?»

«ሴት ጓደኛ የለኝም» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወሩ ኅዳር ነበር። በኅዳር ቦንጋ ሌላ ወሬ የላትም። እሸት ቡና ከየጫካው በአህያና በሞተር ይገባል፣ ሚዛን ደጅ ይወጣል፣ የቀን ሠራተኛ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፣ ማታ ማታ ጠጅ ቤቱ ይሞላል። ልጁ ከለቃሚዎቹ አንዱ ነው። 22 ዓመቱ፤ ጫማው ጭቃ የጠጣ፣ ጥፍሩ ዙሪያ የቡና ጭማቂ ደርቆ የጠቆረ። ከፊቴ የተጋላጭነት መጠየቂያው ቅጽ ተዘርግቷል። ገንዘብ ከፍለህ ግንኙነት አድርገህ ታውቃለህ? «አላውቅም።» ከአንድ በላይ የፍቅር ጓደኛ ነበረህ? ዝም አለ። ዝምታውን ሳልጠብቅ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ደጅ ላይ 11 ሰው ተሰልፏል፤ እኔም ሰው ነኝ፣ ሰዓት አያለሁ። «ሴት የለኝም» ያለኝን «ግንኙነት የለኝም» ብዬ ወሰድኩት። ጣቱን ወጋሁ፣ ጠብታዋን ኪቱ ላይ ጣልኩ፣ 15 ደቂቃ ጠበቅን፣ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። «ነፃ ነህ። እንዲሁ ሆነህ ቆይ» አልኩት። ካርዱ ላይ «ተጋላጭነት፦ ዝቅተኛ» ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው፤ እስከ ዛሬ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ልጁን ማንም እንዳይለየው ዕድሜውን፣ ወሩንና ሥራውን ትንሽ ትንሽ አዛንፌያለሁ። የራሴን ስህተት ግን እንዳለ ነው ያስቀመጥኩት።

የማንኪራ ልጅ ነኝ። ማንኪራ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ቡናን ነው። እንግዶች ከቦንጋ ተነስተው ወደ ዴቻ ወረዳ ይወርዱና በጫካው ውስጥ «እናት ቡና» የምትባለውን ዛፍ ፎቶ አንስተው ይመለሳሉ። እኔ ያደግኩት አባቴ ከዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅልና ሲያወርድ እያየሁ ነው። ነርስ ሆኜ ወደ ኤች አይ ቪ ምክርና ምርመራ የገባሁት በ1999 ዓ.ም. የሚሊኒየሙ የኤድስ ዘመቻ ሲጀመር ነበር። ያኔ ድንኳን ተክለን የመጣውን ሁሉ እንመረምር ነበር፤ ማንነቱን አንጠይቅም፣ ጣቱን ብቻ ስጠን እንላለን። በኋላ አሠራሩ ተለወጠ። ሁሉን ከመመርመር ይልቅ ይበልጥ የተጋለጠውን ለይቶ መመርመር ይሻላል ተባለ። ክፋት የለውም፤ ኪቱም ገንዘብ ነው። ነገር ግን የተጋለጠውን የሚለየው ያ ቅጽ ነው፤ ቅጹን የሚሞላው ደግሞ እንደኔ ያለ ሰው ነው።

ልጁ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ተመለሰ። አሁን በራሱ ፈቃድ አልመጣም፤ ሳሉ አልለቅ ብሎት የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ነው ወደ እኔ የላከው። ሱሪውን በገመድ አጥብቆታል። ኪቱ ላይ ሁለት መስመር ወጣ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ኪት አረጋገጥን።

«ሲስተር፣ ያኔ ነፃ ነህ ብለውኝ ነበር» አለኝ።

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህም ሴት አልነካሁም።»

በዚህ ጊዜ ቅጹን ዘጋሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ብዙ ቆየን። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ የመማር ፍላጎት እንዳለው ተማሪ፣ «ይሄ በሽታ ከሴት አይደለም እንዴ የሚመጣው? ፖስተሩም ላይ ያለችው እኮ ሴት ናት» አለኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ከጀርባዬ ለዓመታት ያላየሁት ፖስተር ተለጥፏል፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፣ ከሥራቸው «አንድ ለአንድ መወሰን» ይላል።

ልጁ የሚያፈቅረው ወንድ ነበር። እሱ እንዳለው ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ፤ ሴት አያውቁምና።

«የፈሩት ይደርሳል» ይባላል። በእኔ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ሲደርስ የማየው ያልፈሩት ነው። ሰው አደጋን የሚለካው በሰው ዓይነት ነው፦ ሴተኛ አዳሪ፣ ሾፌር፣ ወታደር፣ የከተማ ልጅ። ራሱን ከዝርዝሩ ውስጥ ካላገኘ እፎይ ይላል። ቫይረሱ ዝርዝር አያነብም፤ የሚያውቀው መንገድ ነው። ደም፣ የዘር ፈሳሽ፣ የብልትና የፊንጢጣ ፈሳሽ፣ የጡት ወተት፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህ የዝርዝር ነገር ከኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1981 ጁን 5 የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል በሎስ አንጀለስ ያልተለመደ የሳንባ ምች ስለያዛቸው 5 ወጣት ወንዶች አጭር ዘገባ አወጣ። ሁሉም ከወንድ ጋር ግንኙነት የነበራቸው ነበሩና በሽታው የእነሱ ብቻ ተደርጎ ተወራ፤ ለጥቂት ጊዜ በስማቸው እስከመጠራት ደርሶ ነበር። ሌላው ሕዝብ «እኛን አይመለከተንም» ብሎ ተኛ። እኛ ዘንድ በ1976 ዓ.ም. በተወሰደ ደም ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። በሽታው በዋና ዋና መንገዶች ዳር ባሉ ከተሞች ይበልጡን በወንድና በሴት ግንኙነት ተዛመተ። ስለዚህ ትምህርታችን ሁሉ ስለ ወንድና ሴት ሆነ፦ መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም። ትምህርቱ ብዙ ሕይወት አድኗል፤ እኔ ራሴ ድንኳን ለድንኳን ዞሬ ሰብኬዋለሁ። ግን አሜሪካ የሠራችውን ስህተት ገልብጠን ሠራነው። እዚያ ሴትና ወንድ የሚፋቀሩት «የኛ አይደለም» አሉ፤ እዚህ ወንድ የሚያፈቅሩት ወንዶች «የኛ አይደለም» አሉ።

«እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚለኝ ባልደረባ አለኝ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ ግን በአዲስ አበባ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸውን ወንዶች አነጋግሮ፣ የወሲብ ደኅንነትን ወሰን እንዴት እንደሚያዩት ያጠናውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትሟል። እንግዲህ ሰዎቹ አሉ፤ የሌለው ጠያቂ ነው።

አሁን ቁጥሩን ልናገር፤ ለልጁም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ቫይረሱ ካለበትና መድኃኒት ካልጀመረ ሰው ጋር ያለ ኮንዶም በሚደረግ ግንኙነት፣ በብልት በኩል የምትቀበል ሴት ከ10,000 ግንኙነት በአማካይ በ8ቱ ትያዛለች። በፊንጢጣ በኩል የሚቀበል ሰው በ138ቱ ይያዛል። 17 እጥፍ ነው። የፊንጢጣ የውስጥ ቆዳ ስስ ነው፤ እንደ ሴት ብልት ለዚህ አልተሠራም፣ የራሱ ማለስለሻ የለውም፣ ቶሎ ይቆስላል። በዚህ ግንኙነት የሚሰጠውም ወገን ቢሆን ከ10,000ው በ11ዱ ያህል ይያዛል። ቁጥሩ የሚመለከተው አካልን ነው። ድንግልናዬን ልጠብቅ ብላ ከእጮኛዋ ጋር በዚያ መንገድ የምትገናኝ ልጃገረድም ያው 138 ውስጥ ናት። እንዲህ ያሉ ልጃገረዶች መጥተውልኛል፤ እነሱም «ግንኙነት አድርጌ አላውቅም» ነው የሚሉት፤ ለነሱ ያ «ግንኙነት» አይደለም።

8ም ሆነ 138 ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው አለ። አማካይ መሆኑን ግን አይርሳ! ሰው ገና በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እጅግ ይበዛል፤ በነዚያው ሳምንታት ምርመራው ገና ላያሳየው ይችላል። ትልቁ አደጋ ያለው እንግዲህ «ነፃ ነኝ» የሚል ካርድ በኪሱ የያዘ ሰው ዘንድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

«ነፃ» የሚለው ቃል ራሱ ያስቸግረኛል። በአማርኛ ነፃ ሰው ማለት ያልታሰረ ነው፤ ነፃ ወጣ ሲባል ዳኛ ጥፋት አላገኘበትም ማለት ነው። የቫይረሱ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ «በነፃ» ይሰጣል፤ ያ ደግሞ ያለ ክፍያ ነው። ምርመራውም ነፃ፣ ውጤቱም ነፃ። ሰው ይህን ቃል ከነርስ አፍ ሲሰማ ኪቱ ከሚለው ይልቅ ዳኛው የሚለውን ይሰማል፤ ተፈርዶልኛል ብሎ ይወጣል። ኪቱ የሚለው ሌላ ነው፦ ከዛሬ 3 ወር በፊት የገባ ቫይረስ አላየሁም። ስላለፉት 3 ወራት እርግጠኛ አይደለም። ስለ ነገ ማታ ደግሞ ጨርሶ አያውቅም። ልጁን ያኔ «ከ3 ወር በኋላ ተመለስ» አላልኩትም። «ዝቅተኛ» የተባለን ሰው ማን ተመለስ ይለዋል?

ሌላም የማይነገር ነገር ነግሬዋለሁ። ኮንዶም ሞክረው ነበር፤ ተቀደደ፤ ተዉት። በምን አለሰለሳችሁት አልኩት። በቫዝሊን። ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ ማንኛውም ቅባት ያለው ነገር ላቴክስ ኮንዶምን ያዳክመዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቀደድ ይችላል። ለኮንዶም የሚሆነው ውሃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ ነው። ይህን በ1999ኙ ድንኳን ውስጥ ያስተማረን አልነበረም፤ እኔም ለማንም አላስተማርኩም።

የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በዓለም ደረጃ ከወንድ ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች ዘንድ የቫይረሱ ስርጭት በጠቅላላው አዋቂ ሕዝብ ካለው 11 እጥፍ ነው። የኛ አገር ዝርዝር ግን እነሱን አያካትትም። በየዕለቱ ተውጦ ከመያዝ የሚከላከለው ክኒን አገራችን ሲገባ ለሴተኛ አዳሪዎችና አንዱ ቫይረሱ ላለበት ጥንዶች ተብሎ ነው የገባው። ደግ ነው፤ ለነሱም ይገባቸዋል። የሚያሳዝነኝ ግን ክኒኑ እንደሚሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2010 የታየው በ6 አገሮች በ2,499 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት መሆኑ ነው፤ ተሳታፊዎቹም ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው፣ በወንድነት የተወለዱ ሰዎች ነበሩ። ክኒኑ በነሱ ተፈትኖ ሲያበቃ በኛ መደርደሪያ ላይ ስማቸው የለም።

ለምን እንደሌለ አውቃለሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እንዲህ ያለውን ግንኙነት በእስር ይቀጣል። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ቅጽ ላይ እውነት አያስጽፍም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላስጽፍም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ሁዳዴን እጾማለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሴ ሐሳብ ቢኖረኝ ቤቴ ነው የማስቀምጠው። ክፍሌ ውስጥ የሕመምተኛን ምስጢር መጠበቅ ግዴታዬ ነው። ደግሞስ ዝምታው የሚጎዳው እሱን ብቻ ነው? ከነዚህ ወንዶች መካከል ባለትዳሮች አሉ፤ ቤተሰብ «አግባ» ብሎ የያዛቸው። ሚስት «እኔ አንድ ለአንድ ነኝ» ብላ ትኖራለች፣ እውነቷን ነው። ነገሩን የምታውቀው አርግዛ ለክትትል በመጣች ቀን፣ ኪቱ ላይ ነው። እንዲህ ላለችው ሴት አንዴ ውጤቷን ስነግራት የጠየቀችኝ ጥያቄ፣ «ምን አድርጌ?» የሚል ነበር።

አደጋን በሰው ዓይነት መለካት በሰፈሬም አለ። ዓምና ለመስቀል ማንኪራ ሄድኩ። ዘመድ ቤት ቡና ተፈልቷል፣ ሰፈሩ ተሰብስቧል። ባለቤቲቱ ስትቀዳ አንዲት ሲኒ ለብቻዋ ጥግ ላይ መቀመጧን አየሁ፤ ጆሮዋ የተሰበረ። ያቺ ሲኒ የአንዲት ጎረቤት ናት። ሴትዮዋ የቫይረሱን መድኃኒት ስትወስድ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሷ አልደበቀችም። በተቃራኒው ጥግ የባለቤቲቱ ልጅ ተቀምጧል፤ ሞተረኛ ነው፣ ሳምንቱን ቦንጋ፣ ጅማ፣ ሚዛን ሲል የሚከርም። እሱ በሙሉ ሲኒ ይጠጣል። ተመርምሮ ያውቃል ወይ ብዬ እናቱን ጠየቅኳት። «ኧረ የኔ ልጅ ጨዋ ነው!» አለችኝ፤ ተቀይማለች።

ሲኒ መለየት ለእኛ ለካፋ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችንን ከቤታችን ደጅ አስቁመን፣ ማዕድ ለይተን፣ ዕቃ ለይተን የኖርን ሰዎች ነን፤ ልማዱ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። እጃችን ለምዶታል። ቫይረሱ ግን በሲኒ አይሄድም፣ በምራቅ አይሄድም፣ በትንኝ አይሄድም። ያቺ ጎረቤት መድኃኒቷን በሰዓቱ ስለምትወስድ በደሟ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሷል፤ ይህን ራሷ ነግራኛለች። ቫይረሱ በምርመራ ካልታየ ደግሞ በግንኙነት አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ አንድ የአውሮፓ ጥናት አንዱ ቫይረሱ ያለበት ግን በመድኃኒት በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ፣ ሌላው የሌለበት 782 የወንድ ጥንዶች ያለ ኮንዶም ከ76,000 ጊዜ በላይ ተገናኝተው ነበር። ከጓደኛው የተያዘ አንድም አልተገኘም። በሰፈሩ ውስጥ ከሁሉ የማታስፈራዋ ሴት በተሰበረ ሲኒ ትጠጣለች፤ ምን እንዳለበት የማናውቀው ልጅ በሙሉ ሲኒ ይጠጣል።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካለው ሕዝብ ቫይረሱ በደሙ የተገኘው 0.9 በመቶ ነበር፤ በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4። ማንኪራ ገጠር ናት። ሞተረኛው ግን የሚያድረው ከተማ ነው። አማካዩን ይዞ የሚዞር ሰው የለም።

ያን ቀን በተሰበረችው ሲኒ ልጠጣ ብዬ ተሟገትኩ፤ ባለቤቲቱ አልሰጥም አለች። ጎረቤቲቱም «ተዪው፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከሱ በኋላ ብዙ አሰብኩ፤ የት ነው የተሳሳትኩት? ቅጹ ጎዶሎ ነው፣ ፖስተሩ ጎዶሎ ነው፣ ሰዓቱ ጠባብ ነው። ግን በሩን የዘጋሁት ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነበር። «ጓደኛህ» እስክል ድረስ በሩ ክፍት ነው፤ ጓደኛ ወንድም ሴትም ይሆናል። «ተመርምራለች» ስል በአንዲት «ች» ዘጋሁት። ያቺን «ች» ሰምቶ «አይ፣ ተመርምሯል ነው የሚባለው» ብሎ ነርስ የሚያርም ማን አለ? እሱ እንኳ ሞክሯል፤ «ሴት ጓደኛ የለኝም» ሲለኝ በሩን በጣቱ ገፋ አድርጎ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

በአማርኛ ስለ አንድ ሰው ያለ አንቱታ ስትናገር ጾታ ትመርጣለህ፤ ስለ ብዙ ሰው ግን አትመርጥም። ስለዚህ አሁን «ጓደኞችህ ተመርምረዋል?» ነው የምለው። ለሴቱም፣ ለወንዱም፣ ለሽማግሌውም። ባለፈው አንድ አዛውንት «ጓደኞቼ? ስንት አድርገሽኝ ነው፣ ልጄ!» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። ይሳቁ፣ ግድ የለም። ሌላው ደግሞ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ሁለቱም ወንዶች ናቸው» ይለኛል። ያን ጊዜ ሥራዬ ይጀምራል፤ በየት በኩል፣ በምን ተለስልሶ፣ መቼ፣ ሚስት አለች ወይ፣ 3 ወሩ መቼ ይሞላል።

የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ካነበባችሁ አዲስ ቅጽ እስኪታተም አትጠብቁ፤ ብዙ ቁጥር ወጪ የለውም። አንተ ደግሞ፣ ከሴት ውጭ ስለሆነ አይመለከተኝም ብለህ የምታነብ፣ ይመለከትሃል፤ ለዚያውም 17 እጥፍ። ተመርመር፣ 3 ወር ቆጥረህ ድገመው። ለሚመረምርህ ሰው ስም መናገር የለብህም፤ በየት በኩል እንደሆነ ከነገርከው ይበቃል።

ልጁ የሳንባ ነቀርሳውን መድኃኒት ጨርሷል። ክብደቱ ተመልሷል፣ ገመዱን ጥሎ ቀበቶ ታጥቋል። ጓደኛውንም ይዞት መጣ፤ ኮሪደሩ ላይ እንደማይተዋወቁ ሰዎች በተለያየ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ፖስተሩን አንስቼዋለሁ፤ ግድግዳው ላይ አራት የማጣበቂያ ምልክት ቀርቷል። አሁን ልጁ የ6 ወር የቫይረሱን ክኒን በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሄዳል። የሚቀጥለው ቀጠሮው ሚያዝያ ውስጥ ነው።